የጾመችው ጊታር

እኛ ደብር ከበሮም ይጾማል። ዐቢይ ጾም ሊገባ ሲል ከበሮው በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሎ ዕቃ ቤት ይሰቀላል፤ ጸናጽሉም አብሮት ይቀመጣል። ከዚያ እስከ ፋሲካ ካህናቱ በመቋሚያ ብቻ ነው የሚያዜሙት። ትንሽ ልጅ ሆኜ አያቴን ቄስ ገብረ ሚካኤልን፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ «አባባ፣ ከበሮው የት ሄደ?» ብዬ ጠየቅኳቸው።

«ይጾማል» አሉኝ።

«ከምን?»

«ከዱላ ነዋ። ዓመቱን ሙሉ ሲቀምስ ከርሞ አሁን አረፍ ይበል።»

ቀልድ አልመሰለኝም። አባባ ቄስ ናቸው፤ ቄስ አይዋሽም፤ እንግዲያው ከበሮ ይጾማል። ይቺን ይዤ ነው የቆየሁት። አጎቴ ድረስ ጊታር ይዞ በመጣ ዓመት፣ ጊታሯም ጾማለች ብዬ ሳምን ማንም አላሳሳተኝም። ራሴው ነኝ የደረስኩበት።

ነገሩ ሚሊኒየሙ ሊገባ ጥቂት ዓመት ሲቀረው ነው። ደባርቅ መብራት ነበረን፤ ግን መብራቱ እንደ እንግዳ ነው፣ ሲያሻው ይመጣል፣ ሲያሻው ይሄዳል። የምንኖረው አባባ ቤት ነበር፤ እሳቸው፣ እናቴ በለጠችና እኔ። አባቴ ጃናሞራ አስተማሪ ስለነበር ለበዓል ብቻ ነበር የሚመጣው።

አያ ድረስ የእናቴ ታናሽ ነው። ሰሜን ተራራ ላይ፣ ጨነቅ በሚባል ቦታ ለቱሪስት በቅሎ ይነዳ ነበር። ኋላ ጎንደር ወርዶ ጊታር ያዘው። «ያዘው» የምትለው እናቴ ናት፤ እንደ ወባ። ያን ዓመት በቅበላው ዕለት ከአውቶቡስ ሲወርድ እኔና እናቴ በር ላይ ቆመን እናየዋለን። ጀርባው ላይ ረጅም ነገር አዝሏል፤ ደረቱ ላይ ደግሞ በጋቢ የተጠቀለለ ነገር አቅፏል፣ እንቅፋት እንዳይመታው እግሩን እያየ ይራመዳል።

እናቴ ደረቷን ያዘች። «ወልዶ መጣ» አለች። «ሳያገባ ወልዶ መጣ። አባቴ ይሞታሉ ዛሬ።»

ሲደርስ ጋቢውን ገለጠው። ጥቁር ሳጥን ናት፣ የዳቦ ቆርቆሮ የምታህል፣ አንድ ጥጓ የተሰነጠቀ። እናቴ ከደስታዋ ብዛት ሳጥኗን ሳመቻት። እኔ ታዲያ ከዚያ ቀን ጀምሮ የምትሳም ነገር ናት ብዬ፣ ባለፍኩ ባገደምኩ ቁጥር እስማት ጀመር። አያ ድረስ ለምን እንደምስማት ጠይቆኝ አያውቅም፤ እሱም ይስማት ስለነበር ይሆናል።

የቅበላ ምሳ ተበላና አባባ መደቡ ላይ ተደላደሉ። አያ ድረስ ጊታሯን አወጣ። ሆዷ ጠፍጣፋ ነው፣ ቀዳዳ የላትም። አባባ ገልብጠው አይዋት።

«ሆድ የሌላት ከየት ነው የምትጮኸው?»

«ከሳጥኗ ነው አባ። ጊታሯ ብቻዋን ሹክ ነው የምትል። ሳጥኗ ናት ድምፅ የምትሰጣት።»

«እንደ አፈ ንጉሥ ነዋ።»

«እንደሱ ነው። ትልልቆቹ ማሽኖች ቁም ሳጥን ያህላሉ፤ አንዱን ለመግዛት በሬን ከነቀንበሩ ማስረከብ ነው። ይቺ ርካሽ ናት፣ ያውም አሮጌ። ልምምድ ማድረጊያ ናት። ግን የትልልቆቹን ሁሉ ድምፅ ታስመስላለች። ይቺን መዞሪያ ማዞር ብቻ ነው።»

አዞረና መታ። መጀመሪያ የወጣው ድምፅ እንደ ምንጭ ውሃ የጠራ ነበር። ቀጥሎ ዋሻ ውስጥ ሆኖ እንደሚያዜም ሰው፣ አንዱን ሲለው ሦስት ሆኖ የሚመለስ። ሦስተኛውን ሲመታ ግን እናቴ ብድግ አለች፤ ጭኖ በሊማሊሞ ዳገት የሚወጣ መኪና ቤታችን የገባ ነው የመሰለን። አባባ ጢማቸውን ይዘው ሳቁ። እንዲያ ሲስቁ አይቼ አላውቅም ነበር።

«ይቺን ድገማት» አሉ። ደገመላቸው። «ኤዲያ፣ ማርሽ ለወጠ» አሉ።

እኔ ሳጥኗ ውስጥ ብዙ ሰው አለ ብዬ ከኋላዋ ዞሬ እፈልጋለሁ።

አባባ ሳቃቸው ሲያልቅ ጠየቁ። «ግን የሌላውን ድምፅ መውሰድ ስርቆት አይሆንም?»

«አልወሰደችም አባ፤ ትመስላለች እንጂ።»

አሰብ አደረጉ። «እንግዲህ እንደ ዜማ ተማሪ ናት። ተማሪ መምህሩን እስኪመስል ነው የሚጮህ። ኋላ የራሱ ይመጣለታል።» ከዚያ ፊታቸው ወደ ቄስነቱ ተመለሰ። «ከነገ ጀምሮ ጾም ነው። ይቺም እንደ ከበሮው ትሰቀል።»

አያ ድረስ ጊታሯን ጭኑ ላይ አስተኛት። ከዚያ፣ «አባ፣ አንድ ነገር ልንገርዎ» አለ። «ጎንደር አንድ ባንድ ጊታር መቺ ይፈልጋል። ከፋሲካ በኋላ እኔንና አንድ ሌላ ልጅ ሰምተው አንዳችንን ይወስዳሉ። ያ ልጅ ጾም አይል ምን አይል፣ ሌት ተቀን ይመታል። እኔ እስከ ፋሲካ ካልነካኋት ጣቴ ይሞታል።»

«ካልወሰዱህስ?»

«ወደ ጨነቅ፣ ወደ በቅሎዬ።»

«በቅሎ ምን አለው?»

«ምንም አይለው አባ። እኔ ግን ለበቅሎ አልተፈጠርኩም። በቅሎዋም ታውቃለች።»

እናቴ ሳቀች፤ አባባ ግን አልሳቁም። «ልጄ፣ ይሄ የካህን ቤት ነው። ምእመኑን ከዘፈን ታቀቡ እያልኩ በኔ ጓዳ ጊታር ቢጮህ የማን ቄስ እባላለሁ? እስከ ፋሲካ እንዳትነካት።»

በዚሁ አለቀ። ጊታሯ በነጋታው ጓዳ ውስጥ ምስማር ላይ ተሰቀለች፤ አያ ድረስ ራሱ ነው የሰቀላት። እኔ ግን «ጣቴ ይሞታል» ያለው ከአእምሮዬ አልወጣም። በየጠዋቱ ጣቶቹን እቆጥርለት ነበር።

በጾሙ በሁለተኛው ሳምንት ይመስለኛል፣ አባባ ቤተ ክርስቲያን እያሉ፣ እናቴ ሽሮ እያመሰች «ከጓዳ ወንፊት አምጪልኝ» አለችኝ። መጋረጃውን ስገልጥ አያ ድረስ መደብ ላይ ተቀምጧል። ጊታሯ ጭኑ ላይ ናት። ጆሮውን በሁለት ጥቁር ነገር ሸፍኗል፣ የበግ ጆሮ የሚያህል፣ አናቱ ላይ በቀጭን ብረት የተያያዘ። ዓይኑ ተጨፍኗል። ጣቶቹ ክሩ ላይ ይሮጣሉ፣ ይወጣሉ፣ ይወርዳሉ። ድምፅ የለም። ጠጋ ብዬ ጆሮዬን ባስጠጋ ጭረት ነገር ትሰማለች፣ አይጥ ስንዴ ስትቆረጥም የምታክል።

የጆሮውን መሸፈኛ አውቄዋለሁ። የደባርቅ ብርድ መጀመሪያ የሚይዘው ጆሮ ነው፤ ስለዚህ ብርድ መከላከያ ነው። ድምፅ ለምን እንደሌላትም ወዲያው ገባኝ።

ጉልበቱን ነካሁት። ደንግጦ ዘለለ፣ መሸፈኛውን አወለቀ።

«እየጾመች ነው አይደል?» አልኩት።

አየኝ። በሩን አየ። እንደገና አየኝ። «ማን ነገረሽ?»

«ራሴ አወቅኩ። ከበሮውም እንደዚሁ ነው።»

ያን ጊዜ የሳቀውን ሳቅ አልረሳውም፤ ትንፋሽ ብቻ ነበር፤ ድምፁን ውጦ ነው የሳቀው። «አዎ፣ ስጦቴ» አለኝ፤ ስጦታ ነው ስሜ። «ትጾማለች። እኔ ደግሞ እያጽናናኋት ነው።»

ዛሬ ልጆቼ እንደዚያው ያለ ነገር ጆሯቸው ላይ ደፍተው፣ አሥር ጊዜ ጠርቻቸው አልሰማ ሲሉኝ፣ ያ የብርድ መከላከያ ትዝ ይለኛል። ሳጥኗ ለጎረቤት ሳትሰማ ለአንድ ሰው ጆሮ ብቻ የምትጮህበት ቀዳዳ እንደነበራት ያወቅኩት ካደግኩ በኋላ ነው። አያ ድረስ በዚያ ጓዳ ውስጥ መኪና በሊማሊሞ ሲያወጣ ነበር የሚውለው፤ እኛ ደግሞ ዝምታ ነው የምንሰማው።

እናቴ ታውቃለች። ሽሮዋን እያማሰለች አንድ ዓይኗ በሩ ላይ ነበር። አባባ ከሩቅ ሲመጡ ካየች ሙቀጫውን ሁለት ጊዜ በባዶው ትወቅጣለች። እኔ ምን አይነት እህል ቢሆን ነው ሁለት ጊዜ ተወቅጦ የሚደቅ እያልኩ እገረም ነበር።

ጎረቤታችን እትዬ አልጣሽ አንድ ቀን ወንፊት ልትዋስ መጣች። ወንፊት የላትም ማለት አይደለም፤ ወሬ ነው የጎደላት።

«ያ አዝማሪ ወንድምሽ የት ገባ? ድምፁም የለ።»

እናቴ አቀረቀረች። እኔ ግን እንዲህ ያለ ጥሩ ነገር ቤታችን ውስጥ ተደብቆ መቅረቱ አሳዘነኝ። «ጊታሯ እየጾመች ነው» አልኳት።

እትዬ አልጣሽ ወንፊቱን አስቀመጠች። «ማን?»

«ጊታሯ። ከዘወረደ ጀምሮ። አንድ ቀን አልገደፈችም።»

«እስከ ስንት ሰዓት?»

«እስከ ማታ።»

«እሰይ፣ እኔ እስከ ስድስት ሰዓት አልዘልቅም» አለች እትዬ አልጣሽ። እየሳቀች ወጣች፣ ወንፊቱንም ረሳችው።

በሳምንቱ ወፍጮ ቤት ብንሄድ የማናውቀው ሰው ሁሉ «ጊታራችሁ እንዴት ናት፣ ጾሙን ቻለችው?» ይለናል። «ዘንድሮ ትቆርባለች ወይ?» የሚልም ነበር። ደስ አለኝ፤ ስለ እኛ ጊታር ሰው ተጨነቀ ብዬ። እናቴ ግን ነጠላዋን እስከ ዓይኗ አወረደች። ወሬው ለአባባ ጆሮ ይደርሳል፣ ድረስም ከቤት ይባረራል፣ የጎንደሩም ነገር በዚያው ይቀራል ብላ ነበር የፈራችው። እኔ ይሄን ከየት አውቄው።

ከምኩራብ ሳምንት ጀምሮ መብራቱ ሄዶ ቀረ። አያ ድረስ የሳጥኗን ጀርባ ከፍቶ የባትሪ ድንጋይ ከተተባት። ጥቂት ቀን ሠራች። ከዚያ ድንጋዮቹ ሲደክሙ አጥር ላይ ፀሐይ አስመታቸው፤ ፀሐይ ሲመታቸው ትንሽ ነፍስ ይዘራሉ። ዶሮ እንዳታንከባልላቸው የምጠብቅ እኔ ነበርኩ። ፀሐዩም መጥቀም ተወ። አንድ ከሰዓት መጋረጃው ሥር ቆሜ ሲያወሩ ሰማሁ።

«ሞተች በለጡ» አለ አያ ድረስ። «ድምፅዋ ሰልሎ ሰልሎ ዛሬ ጭራሽ ጠፋ።»

«ሌላ ድንጋይ አይገዛም?»

«ሱቁ ሁሉ አልቆበታል፤ መብራት ከጠፋ ወዲህ ሰው ለባትሪው ተሻማበት። ያ ልጅ ጎንደር እየመታ ነው። እኔ እዚህ ጣቴን እያየሁ ልቀመጥ ነው።»

«ተው፣ እግዜር ያውቃል።»

«እግዜርማ ያውቃል። የባንዱ ሰዎች ናቸው የማያውቁት።»

እኔ የሰማሁት ግን አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ጊታሯ በጾም ተዳክማ ልትሞት ነው። አያ ድረስ እያጽናናትም እንኳ ድምፅዋ ሰልሏል። ልጅ ብሆንም እኔም ጾሜ አውቅ ነበር፤ ወደ ዘጠኝ ሰዓት ግድም ድምፅ እንዴት እንደሚሰልል አውቃለሁ።

እሑዱ መጻጉዕ ነበር። አባባ በዚያ ቀስ ባለ አነጋገራቸው፣ ብዙ ዘመን አልጋ ላይ የኖረውን፣ ወደ ውሃው የሚያስገባው ሰው ያጣውን በሽተኛ ታሪክ አስተማሩ። ሰዉ እንባውን ያብሳል። እኔ የማስበው ስለ ጊታሯ ነው። እሷም ወደ ጌታ የሚያደርሳት ሰው አጥታ ምስማር ላይ ተሰቅላ ቀርታለች።

ከቅዳሴ ስንመለስ እጃቸውን ይዤ ነበር። ጥላቸውን ከፍተው ቀስ ብለው ነው የሚራመዱት።

«አባባ፣ የታመመ ሰው ይጾማል?»

«አይጾምም ልጄ። የነፍስ አባቱን ያስፈቅዳል፣ ይፈታለታል።»

«ሰው ያልሆነስ?»

ቆሙ። «ምን ሆነሽ ነው ስጦታ? የታመመ ማን አለ?»

«ጊታሯ» አልኩ። አልቅሼ ነው የነገርኳቸው። «በጾሙ ታማ ድምፅዋ ጠፋ። አያ ድረስ ሞተች አለ። የነፍስ አባቷ እርስዎ ነዎት፤ ይፍቱላት።»

አባባ ጥላቸውን አጠፉ። ፀሐይ እያለ ለምን እንዳጠፉት እንጃ። ከዚያ እንደ ሐኪም ይጠይቁኝ ጀመር።

«ከመቼ ጀምሮ ነው የታመመችው?»

«ከሐሙስ።»

«ከዚያ በፊት ድምፅ ነበራት?»

«በጣም ትንሽ። የአይጥ ያህል።»

«ድረስ አብሯት ይውላል?»

«አይለያትም። ያጽናናታል።»

«ያጽናናታል» አሉ አባባ። «በይ፣ የታመመ ይጠየቃል። ውሰጂኝ።»

እናቴ ከኛ ቀድማ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሳ ኖሮ፣ አባባና እኔ እጅ ለእጅ ተያይዘን ወደ ጓዳው ስንሄድ ብታየን ሙቀጫው ላይ ዘለለች። ወቀጠች፣ ወቀጠች። ምን ዋጋ አለው፣ አያ ድረስ ሌላ ቀን ለሙቀጫው ብሎ ክፍት የሚተዋት ጆሮው ዛሬ ተሸፍናለች። የሞተውን ድንጋይ አሽቶ አሙቆ፣ ያቺን የመጨረሻ ጭላንጭሏን እያዳመጠ ኖሯል። ዓይኑን ጨፍኗል፣ ጣቶቹ ይሮጣሉ።

አባባ በሩ ላይ ቆመው አዩት። አያ ድረስ ዓይኑን ገለጠ።

ከመደቡ ተንሸራቶ በጉልበቱ ወደቀ፣ ጊታሯን እንደታቀፈ። «አባ፣ ድምፅ አላሰማሁም። ለአንድም ሰው አልተሰማም።»

«አትንካት አላልኩህም?»

«ብለውኛል።»

«ታዲያ?»

«አባ፣ ጣቴን ይዤ መቀመጥ አልቻልኩም። ዘፈን አልመታሁም፤ ጣት ማፍታቻ ብቻ ነው የምመታው፣ ያንኑ ወደ ላይ፣ ያንኑ ወደ ታች። ካባረሩኝም ልክ ነዎት።»

እናቴ በሩ ላይ ነጠላዋን ነክሳ ቆማለች። እኔ ለምን እንደሚፈሩ ግራ ገብቶኛል፤ በሽተኛ ሊጠይቁ የመጡ ሰው ናቸው።

አባባ መደቡ ላይ ተቀመጡ። «ጆሮህ ላይ ያለውን አምጣው» አሉ።

ከዚያ ጥምጥማቸውን አወለቁ። የአባባን ራስ ያየሁት ያን ቀን ነው፤ እንደ እንቁላል የጠራ ነበር። ያን ጥቁር ነገር ራሳቸው ላይ ደፉት። «ምታ» አሉ።

አያ ድረስ መዞሪያዋን ነካ ነካ አደረገ፣ መታም። እኔ አባባን ነበር የማየው። መጀመሪያ ፊታቸው ጠነከረ። ከዚያ ከንፈራቸውን ነከሱ። ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር። ከዓይናቸው እንባ ወረደ፣ ጢማቸው ውስጥ ገባ። መስቀላቸውን አጥብቀው ያዙ።

ገባኝ። ጊታሯ እየተናዘዘች ነው። ኑዛዜ የነፍስ አባት ብቻ ነው የሚሰማው፤ ለዚያ ነው እኛ የማንሰማው። ምን ኃጢአት ቢኖርባት ነው አባባን እንዲህ ያስለቀሰች ብዬ እኔም አብሬ አለቀስኩ።

እውነቱን አያ ድረስ ነው የነገረኝ፣ በአባባ ተዝካር ዕለት፣ ድንኳን ጥግ ተቀምጠን። በገና የምትመስለዋን ለስላሳ ድምፅ ላሰማቸው ብሎ ነበር፤ ጾም ነውና በገና ይፈቀዳል፤ ልባቸው ይራራል ብሎ። እጁ ተንቀጥቅጦ መዞሪያውን አሳለፈው። ባለችው ጭላንጭል የሊማሊሞዋ መኪና አባባ ጆሮ ውስጥ ተነሳች፣ ያውም ነዳጅ እንዳለቀባት እየተንተፋተፈች። አባባ የነከሱት ከንፈር፣ የያዙት መስቀል፣ በመጻጉዕ እሑድ በልጃቸው ፊት እንዳይስቁ ነው። «እኔ እንባቸውን አይቼ ረገሙኝ ብዬ ሽንቴ ሊያመልጠኝ ነበር» አለኝ። ተዝካሩ ላይ ሁለታችንም ስንስቅ የሰው ዓይን በላን።

አባባ መሸፈኛውን አወለቁ፣ እንባቸውን በነጠላቸው ጠረጉ፣ ጥምጥማቸውን መልሰው ጠመጠሙ።

«ልጂቱ እውነቷን ነው» አሉ። «ታማለች።»

አያ ድረስ ቀና አለ።

«የታመመ ይፈታለታል። ሥርዓቱ ይሄ ነው፣ እኔ አላመጣሁትም። ግን የተፈታለት ሰው አደባባይ ወጥቶ አይበላም፤ ሌላውን እንዳያሰናክል ጓዳው ውስጥ፣ ለብቻው፣ ሰው ሳያየው ነው የሚቀምስ። እሷም እንደዚያው። በጆሮህ ብቻ። ዘፈን የለም፤ ጣት ማፍታቻ ነው ያልከው ጣት ማፍታቻ ይሁን። ለፋሲካ እስክትድን።»

አያ ድረስ እግራቸውን ሊስም ሲጎነበስ በመስቀላቸው አናቱን መታ አደረጉት። «ደግሞ እግርህን ሰብስብ» አሉት። «ጣትህን ብቻ አፍታታ። እግርህ ግድግዳውን ሲደልቅ ዳዊት መድገም አልቻልኩም።»

ይቺን ያኔ ሰምቻት አልፌያት ነበር። እናቴ ናት ዓመታት ቆይታ ያስረዳችኝ። አባባ ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ ያውቁ ነበር። ግድግዳው አንድ ነው፣ የአያ ድረስ ተረከዝ ደግሞ ምት ሳይጠብቅ አያርፍም። ሌሊት እሳቸው ተኝተዋል ብሎ ሲጀምር፣ ዳዊታቸውን ይዘው ግቢ ይወጣሉ፣ ያልሰሙ ለመምሰል። በአፋቸው የከለከሉትን እንዴት ይመልሱት፤ የቄስ ቃል ናት። በር ይፈልጉ ነበር። በሩን እኔ በእንባዬ ከፈትኩላቸው እንጂ፣ ልጃቸው በቅሎ ነጂ ሆኖ እንዲቀር እሳቸውም አልፈለጉም።

ያን ዕለት ታዲያ አባባ ከመደቡ ተነስተው ሄዱ፣ የእጅ ባትሪያቸውን ይዘው ተመለሱ። ቂጡን ፈተው ድንጋዮቹን መዳፌ ላይ አስቀመጡልኝ። «መድኃኒቷ ነው፤ ውሰጂላት» አሉኝ። የጎደለውን እናቴ ከእትዬ አልጣሽ ሬዲዮ ለመነች። «ለዚያች ጿሚ ነው?» አለች እትዬ አልጣሽ። «ውሰጂው፤ የኔ ሬዲዮ እንደሆነ ዘመን ሙሉ ሲያወራ ኖሯል፣ እሱም ይጹም።»

መብራቱ እስኪመለስ ድረስ ጊታሯ በዚያ መድኃኒት ኖረች። አባባም ኪዳን ለማድረስ ገና ጎህ ሳይቀድ፣ ያለ ባትሪ፣ መንገዱን በመቋሚያቸው እየዳሰሱ ይወጡ ነበር። እኔ «አባባ ዓይናቸው በጨለማ ያያል» እያልኩ ለልጆች አወራ ነበር።

ፋሲካ ሆነ። ጠዋት፣ ፀሐይ ወጥታ፣ ሰው ሁሉ ዶሮውን በልቶ፣ አያ ድረስ ሳጥኗን ግቢ አወጣት። መሸፈኛውን ከቀዳዳዋ ነቀለው። ያ ሁሉ ሳምንት የታፈነ ድምፅ ሲወጣ ውሾቹ ሸሹ። እትዬ አልጣሽ ከነእንግዶቿ አጥሩ ላይ ተደረደረች። «እንኳን አደረሰሽ፣ ጊታሬ» ትላለች፤ እስክስታዋን ቁጭ ብላ ነው የጀመረችው፣ ቆማ ነው የጨረሰችው። ጣቱ እንኳን ሊሞት፣ ዓይን አይከተለውም ነበር። አባባ ከመደባቸው አልተነሱም፤ ግን ቀኝ እግራቸው መሬቱን ይመታ ነበር፣ እኔ አይቻለሁ።

በዳግም ትንሣኤ ማግስት ሊሄድ ሲነሳ፣ ሳጥኗን በጋቢ እየጠቀለለ አባባን ተሰናበታቸው። «ከወሰዱኝ ሥራው በዚያው ዕለት ስለሚጀምር እዚያው እቀራለሁ። ካልወሰዱኝ በነጋታው በከሰዓቱ አውቶቡስ እመጣለሁ» አላቸው። እኔ ከውጭ እየሮጥኩ ስገባ የሰማሁት ጅራቷን ነው፤ በነጋታው በከሰዓቱ አውቶቡስ እመጣለሁ።

በነጋታው እግሬን ታጠብኩ፣ የፋሲካ ቀሚሴን ለበስኩ። አባባ ከኔ ቀድመው አውቶቡሱ የሚቆምበት ድንጋይ ላይ ጥላቸውን ዘርግተው ተቀምጠዋል። አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፣ ይጸልያሉ። ለአያ ድረስ እንደሆነ አወቅኩ፤ እኔም ዓይኔን ጨፍኜ «አምጣው፣ አምጣው» እላለሁ።

አውቶቡሱ በዳባት በኩል አቧራውን እያስነሳ መጣ፣ ቆመ። ዶሮ ያነገተች ሴትዮ ወረደች። አባባ ወደ ፊት አዘነበሉ። ሁለት ወታደሮች ወረዱ። አንድ ረጅም ልጅ በሩ ላይ ብቅ ሲል አባባ ክንዴን ጨምድደው ያዙኝ፤ ግን ልጁ ያዘለው ማዳበሪያ ነበር። ለቀቁኝ። አንዲት አሮጊት፣ አንድ ዲያቆን፣ አንድ በግ ወረዱ። ረዳቱ ውስጡን አይቶ በሩን ዘጋው።

«ማንን ነበር አባ?» አላቸው።

«ማንንም» አሉ አባባ።

እኔ ለቅሶዬን ለቀቅኩት። ቀና ብዬ ባያቸው ፊታቸው በርቷል። መቋሚያቸውን መሬት ላይ ተክለው ተነሱ፣ ትከሻቸው ወደ ቀኝ ሄደ፣ ወደ ግራ ተመለሰ፣ ቀስ ብሎ፣ በማኅሌት እንደሚሆኑት። አላፊ አግዳሚው ቆሞ ያያቸዋል። ለካ ያን ሁሉ ጊዜ፣ እኔ «አምጣው» ስል፣ እሳቸው አጠገቤ «አታምጣው» ሲሉ ነው የቆዩት።

«አባባ፣ አያ ድረስ እኮ አልመጣም» አልኳቸው።

«አዎ ልጄ፣ አልመጣም» አሉኝ፣ እንባዬን በነጠላቸው እየጠረጉ። «አልመጣም።» ሦስተኛውን በዜማ አሉት።